በባለቤቴ መዳፍ የተሰፈረ ጨው

ለኅዳር ጽዮን የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። የእኛ ስል የባለቤቴ ማለቴ ነው፤ እኔ በማኅበሩ የምታወቀው ወንበር በማመላለስና ጠላ በመቅመስ ነው። ቁስቋም ያለው ቤታችን ውስጥ ጽዋው ስንት ዓመት ገብቶ ሲወጣ፣ እኔ ወጥ ቤት የምገባው ክብሪት ሲጠፋብኝ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ ባለቤቴን ሕመም ጣላትና አንደበቷንና ቀኝ ጎኗን ያዛት። አንደበቷ ተመለሰ፤ እግሯም እየተጎተተ ተመለሰ። እጇ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጥቅምት ሲያልቅ፣ «ከጽዮን በኋላ ከማኅበሩ እወጣለሁ» አለችኝ። «ማብላት ያልቻለች ማኅበርተኛ ምን ትባላለች?»

ያን ማኅበር ካጣች ከአልጋዋ የሚያስነሳት ነገር እንደማይኖር አውቅ ነበር።

ሆስፒታል የምትሠራው ልጃችን ምግቡን ከሆቴል እናምጣ አለች። እናቷ፣ «እመቤቴን ሆቴል ልንጋብዛት ነው?» ብላ ፊቷን አዞረች።

«እንግዲያው እኔ እሠራለሁ» አልኩ።

«አባዬ፣ ሙቀጫውን ከዘነዘናው ትለየዋለህ?» አለች ልጄ።

«በመልክ።»

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሥጋም ቅቤም የለም። ባለቤቴ የሱፍ ፍትፍት ይሁን አለች። ሥራው ብዙ አይደለም፤ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን እንደ ወተት ነጭ ሆኖ እንግዳ ያከብራል። ጭንቁ ጨው ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ መቅመስ ጾም መግደፍ ነውና፣ እሷ ዕድሜዋን ሁሉ ሳትቀምስ የሠራችው በእጇ ልክ እየሰፈረች ነው።

በዋዜማው ከሰዓት፣ ጾሙን ከፈታን በኋላ፣ ለሙከራ ጥቂት ሠራሁ። «ጨው ስንት?» ብላት፣ «መዳፍ፤ ግን ሙሉ አይደለም» አለች። ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው፣ የእኔ መዳፍ የእሷን ሁለት እንደሚውጥ ማስላት አቃተኝ። አንድ ጊዜ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ይህን ለከብት ስጠው።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ነገ ለአባ ንገራቸው። ጽዋውን ለሌላ ያስተላልፉት። እኔም በዚያው ልሰናበት።»

ለአባ አልነገርኩም። በማለዳ ተነስቼ ሱፉን ለቀምኩ፤ አመስ አደረግሁት፤ ወቀጥኩት። መጀመሪያ ጾም የገደፈው ዘነዘናው ነው፤ አውራ ጣቴን ቀመሰ። በለብታ ውሃ አጥልዬ፣ ሽንኩርትና ቃርያ ከትፌ፣ ጨው ላይ ስደርስ ቆምኩ። መዳፌን ዘረጋሁና መልሼ አጠፍኩት።

የጨውን ዕቃ ይዤ ባለቤቴ ወደተቀመጠችበት ሄድኩ። ፊቷ ተንበረከክሁና ቀኝ እጇን አንስቼ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጥኩት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልሰፍር።»

ጣቶቿ አይታጠፉም። ጨው እንዳይፈስ ከሥር በእኔ እጅ ደግፌ ጎድጎድ አደረግሁትና ቀስ ብዬ ጨመርኩ። ቆየችና በግራ ጣቷ መዳፏ ላይ ያለውን አንድ መስመር ነካች።

«እዚህ ጋ ሲደርስ ይበቃል።»

መስመሩን አልፎ ነበር፤ ቀነስኩ።

«ትንሽ መልስበት።»

መለስኩ። እጇን ዝቅ ብላ ብዙ አየችው። እኔ ያየሁት መስኮቱን ነው። ከዚያ እጇን ከነጨው በሁለት እጄ ይዤ፣ ድስቱን አስጠግቼ፣ እዚያው አራገፍኩት።

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ገቡ። አባ ጸልየው ገበታው ሲቀርብ፣ ትሪ ይዤ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ያን ምግብ እስከዚያች ሰዓት የቀመሰው ሰው የለም። ሁሉም ጎረሱ። ባለቤቴ አንገቷን አቀርቅራለች።

ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ምላሳቸው ለማንም የማይመለስ ሴትዮ፣ ጎረሱ፤ ደገሙ።

«እቴ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«እሱ ወቀጠው» አለች ባለቤቴ። ቀጥላም ቀና ብላ፣ «ጨዉን የሰፈርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ሸጋ ነው። ጨምሩበት እንጂ፤ ምነው አያ፣ በሩን የሚጠብቁት ማንም እንዳያመልጥ ነው?»

ጨመርኩበት። ሁለት ጊዜ።

በመጨረሻ አባ ጽዋውን አንስተው ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቴ እወጣለሁ ብላ የምትናገረው እዚህ ላይ ነበር። ትሪው እጄ ላይ ከበደኝ። ተራዋ የደረሰው ሴት ተነስታ ጽዋውን በነጠላዋ ተቀበለችና ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«ለዓመቱ በሰላም ታድርስሽ።»

«አሜን» አለች ባለቤቴ። «ለዓመቱ ሱፉን ቀደም ብዬ አስለቅማለሁ፤ የዘንድሮው ጠጠር አለበት» አለች፤ ወደ እኔ እያየች።