የድንጋዩ መጠመቂያና ሰማያዊው ሳፋ

የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ሲሸተኝ ዕድሜዬ ይጠፋብኛል። ባለፈው መጋቢት በስደት ባደግሁበት አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ላይ ዝናብ ይዞኝ፣ በልጅነቴ እናስቀድስበት በነበረው አሮጌ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ተጠልዬ፣ አንዲት አስጎብኚ ለጎብኚዎቿ ስታስረዳ ሰማሁ። በሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ መጠመቂያ በመካከለኛው ዘመን ተጠርቦ፣ ከአንድ የእንግሊዝ ገጠር አጥቢያ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው አለች፤ ክዳኑ ቁልፍ የተበጀለትም ያኔ ሰዎች የተባረከውን ውሃ ለአስማት እየሰረቁ ስላስቸገሩ ነው። ጎብኚዎቹ ድንጋዩን እየዳበሱ ተደነቁ። እኔ አላደንቀውም፤ ከእነሱ ይልቅ በቅርብ አውቀዋለሁና።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ሰመር ማኅበራችን የራሱ ቤት አልነበረውም፤ በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከአናንዴልም ከሲልቨር ስፕሪንግም እየተጠራራን፣ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ደርሰን፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ጸሎት ከመምጣታቸው በፊት ቀድሰን፣ ምንጣፋችንን ጠቅልለን እንወጣ ነበር። የተከራየነው ወንበሩንና ጣሪያውን እንጂ መጠመቂያውን አልነበረም፤ ክዳኑ ሁልጊዜ ይቆለፍ ነበር። ቢከፈትላቸውም ቄሳችን አይነኩትም፤ «የሌላ ሰው ማህፀን ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ እያልን ነጮቹ ድንጋዩን ከእኛ ሲጠብቁ፣ እኛም ራሳችንን ከድንጋዩ ስንጠብቅ፣ ልጆቻችን ከድንጋዩ ሥር ወለል ላይ በሚቀመጥ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይጠመቁ ነበር።

የመጨረሻው ቅጠል ሲረግፍ እህቴ ማርታ ተወለደች። ልቧ ላይ ቀዳዳ ነበረ፤ ስትጠባ ከንፈሯ ይጠቁር፣ መሀል ላይ አቋርጣ ትንፋሿን ትፈልግ ነበር። ሐኪሞቹ ኦፕሬሽኑን ለጥር ቀጠሩት። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናቷም እስከዚያ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሰማንያው ደግሞ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ነበር የሚውለው። ሳትጠመቅ ብትሞትስ የሚለውን ጥያቄ ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን እሱን ይዞ ይተኛ፣ እሱን ይዞ ይነሳ ነበር። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ በሃይማኖት ሲያላግጥ የኖረው፣ ኋላ ታክሲ ነጂ የሆነው አባቴ ራሱ ቄሱ ዘንድ ደወለ።

«ለታመመ ቀን አይቆጠርም፤ አምጧት» አሉት። «እናቲቱ ግን ቀኗ ገና ነው፤ ከደጅ ትቆይ።»

ገና ካለፈ በኋላ በነበረው እሁድ፣ ኦፕሬሽኑ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ ነጠላዋን በላዩ ደርባ፣ በረዶ የጋገረበት የደጁ ደረጃ ላይ ቆመች። ሳፋው ውስጥ የፈሰሰው ውሃ በወጥ ቤቱ ድስት የተሞቀ ነበር። አባቴ እናቴ እንድታይ ብሎ ያንን ከባድ በር በጀርባው ደግፎ ከፍቶት ቆመ፤ ብርዱ ገብቶ ጧፉን ያወዛውዘው ጀመር። የክርስትና እናቷ እትዬ አስካለ፣ ምላሳቸው ከመቀስ ይበልጥ የተሳለው፣ የማርታን ልብስ እያወለቁ ቀና አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው እንጂ፤ ልጅቷን በብርድ ልትጨርሳት ነው?»

«እናቷ እንድታይ ብዬ ነው።»

«እናቷ ነገም ታያታለች።»

ይህን ብለው እሳቸውም ደነገጡ። አባቴ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ አንድ እርምጃ ብትገባ ምን ይሆናል? ነገ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አሉ፤ እጃቸው ውሃው ላይ እንደተዘረጋ ነበር።

ሕግን በሙሉ ሲያፌዝበት የኖረ ሰው አንዲት እርምጃ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ነው። መልሱ የመጣው ከውጭ ነበር።

«ዝጋው» አለች እናቴ። «ስታለቅስ እሰማታለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ሕፃን ሁሉ ውሃው ሲነካው ጣሪያ እስኪሰነጠቅ ይጮህ ነበር፤ ማርታ ግን ሦስቱንም ጊዜ አፏን ከፈተች እንጂ ለጩኸት የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። ወለተ ማርያም ተብላ፣ ማተቧን አስራ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ በነጭ ጋቢ ተጠቅልላ ወጣች።

«ምነው፣ አላለቀሰችም?» አለች እናቴ።

«እንደ ትልቅ ሰው ነው የተጠመቀችው» አሉ እትዬ አስካለ። «ይችን ታላቋን አትይም፣ በተጠመቀች ቀን ጆሮዬን ያደነቆረችውን?» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። እናቴ አልሳቀችም።

ማርታ በማግስቱ ከኦፕሬሽኑ አልተነሳችም። ፍትሐቱም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተደረገ፤ የእናቴ ቀን አሁንም አልሞላም ነበርና እዚያው ደረጃ ላይ ቆመች። አባቴ ያን ቀን በር አልያዘም፤ እሱም አብሯት ውጭ ቀረ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሰማንያው ሞላ። ቄሱ ደጅ ላይ የመንጻት ጸሎት ደገሙላትና እናቴ ገባች። በዚያ ቀን እናት ልጇን ታቅፋ ነው የምትገባው፤ እሷ እጇን የምታደርግበት ስላጣች የአባቴን ካፖርት ተቀብላ ታቅፋ ገባች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩ አየሁ።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አለን፤ የእምነበረድ መጠመቂያ፣ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ፣ በየእሁዱ የፓርኪንግ ጠብ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ስልክ አይውጣ እያልኩ በማኅበራችን መጽሔት ያልጻፍኩት ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰውም አስቀይሜበታለሁ። ባለፈው ወር አንድ ወንድ ልጅ ሲጠመቅ እናቱ የወር አበባዋ መጥቶባት ውጭ መኪና ውስጥ ቀርታ ነበር፤ ሕጉ ያው ነው። ወንድሟ ስልኩን ከመጠመቂያው ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ፊቷ በስልኩ ትንሽ መስኮት ውስጥ ይታይ ነበር። በከዘራ የምትሄደው እናቴ ሰው እየገፋች አጠገቡ ደረሰች።

«ጠጋ አድርገው፣ የኔ ልጅ። ድምፁ ይግባላት።»

«ኦኬ እማማ፣ ቮልዩሙ ፉል ነው።»

«እሱን አላውቅም። ጠጋ አድርገው።»

ሕፃኑ ውሃው ሲነካው ጮኸ። እናቴ የወጣቱን ክንድ ይዛ ወደ ውሃው ዘንበል አድርጋ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።