ሁሉም በአንድ ልክ የሚለብስበት ሆቴል

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ገበያ ስትወጣም፣ የታመመ ስትጠይቅም እንደ ጌጥ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ሱቋ ገብቶ ገና አፉን ሳይከፍት ዓይኗ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዶ ይመለሳል። «አንተ የምትተኛው በግራ ጎንህ ነው» ትለዋለች። ወይም፣ «አንቺ ልጅ የምታቅፊው በቀኝ ነው፤ ግራውን ትከሻ ትንሽ እናነሣዋለን።» ብዙ ጊዜ አትስትም። የሳተች ዕለት ደግሞ ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ «አቋቋምህን ለውጠሃል» ብላ ትቆጣዋለች።

የሰው ነገር ሁሉ የሚያጓጓት ሴት ናት፤ ስለ ራሷ ሲጠይቋት ግን አትወድም። ስለዚህ የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሁለቱ ተከታይ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ማለት ሲጀምሩ ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ መርፌ ወደቀባት። ቀጥሎ መቀስ። በመጨረሻ አንድ ደህና ኮት አበላሸች፤ ያን ጊዜ አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ሁሉንም አወቀች።

ታናሽ እህቷ ከእትዬ ሜትር ጋር ስትሠራ ፀጉሯ ሽበት ጀምሯል። ሥራዋ ግን ያው ከልጅነቷ የነበረው ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መዘምዘም፣ መተኮስ። መቀስ አስይዛት አታውቅም። መቀሱ የእትዬ ሜትር ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ትራስ የተነጠፈበት ወንበርም የእሷ ነው።

«እትዬ፣ የልብስ ፋብሪካው ሊቀጥረኝ ነው» አለቻት እህቷ፣ የተበላሸውን ኮት ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች። «እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል። እጅሽ የሚመለስ ከሆነ እቀራለሁ። የማይመለስ ከሆነ ሱቁን እንዝጋውና እኔም እንጀራዬን ልፈልግ።»

«ይመለሳል።»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ።»

እትዬ ሜትር ተራራው ላይ ወዳለው የፍል ውኃ ሆቴል የወጣችው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። የጎረቤት ጉልበት እዚያ ተዘፍዝፎ ደህና ሆነ ሲባል ሰምታለች፤ ጉልበት ከዳነ ጣት ምን ይሳነዋል አለች።

አውቶቡሱ መንገዱ ካለቀበት ላይ አራግፏት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ሆቴሉ ከገደሉ ጋር ተለጥፎ፣ በየስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ይተነፍሳል፤ አየሩ ተቀቅሎ የተረሳ ዕንቁላል ይሸታል። እንግዳ ተቀባይዋ የክፍሏን ቁልፍና አንድ ግራጫ ጋውን ሰጠቻት።

«እንፋሎቱ ጥሩ ልብስ ይበላል፤ ብረትም ያጠቁራል» አለቻት። «ስለዚህ እዚህ እንግዳውም ሠራተኛውም የሚለብሰው ይህንኑ ነው። ሜትርዎንም እዚሁ ይተዉት፤ ጫፉ ብረት ነው።»

«ጋውኑ በስንት ልክ ነው ያላችሁ?»

«በአንድ ልክ።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለሰው ሁሉ።»

እትዬ ሜትር ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ስትሰጥ ሰው ፊት የተራቆተች መሰላት። ጋውኑን ለብሳ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ግራጫ ነው። ማን ሀብታም፣ ማን ድኃ፣ ማን አለቃ፣ ማን ጠራጊ፤ ምንም የሚነግራት ጨርቅ የለም። የቀራት አካላቸው ብቻ ነው። በዚያው ላይ ዓይኗን ጣለች።

ደረጃው ሥር አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ጋውኑ ከጉልበቱ በላይ ቀርቶበታል። ቀኝ ትከሻው ከግራው በጣም ዝቅ ብሏል። ሻንጣ ተሸካሚ፣ ብላ ፈረደች።

«ወንድሜ፣ ይችን ሻንጣ ወደ ክፍሌ አድርስልኝ። ቀስ በል፣ መስታወት አለባት።»

ሰውየው ሻንጣዋን አየ፣ እሷንም አየ፣ ከዚያ አንሥቶ ወጣ። በሯ ላይ ሲያደርስላት፣ «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» አላት።

«የለም። ግን ትከሻ ቀያይር፤ ሁልጊዜ በቀኝ እየተሸከምክ ጎብጠሃል።»

«አስብበታለሁ» አላት፤ ሄደ።

የገላ መታጠቢያዎቹ ጠባቂ ዕድሜዋ የማይታወቅ አሮጊት ናት፤ እንደ ዘቢብ የተሸበሸበች፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የምትል። እትዬ ሜትር እጇን እስከ ክርኗ ውኃው ውስጥ ነክራ ጥያቄዋን ጀመረች።

«እማማ፣ ይህ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሥር።»

«ከሥርስ ከየት?»

«ከሥሩ ሥር።»

«ማን አሞቀው?»

«ልጄ፣ እኔ ፎጣ ነው የማድል። እሱን ወርደሽ ጠይቂው።»

ውኃው ግን ጥሩ ነበር። ጣቶቿ እንደ ሰም ላሉ፤ አውራ ጣቷ ትንሿን ጣት ነካ። እትዬ ሜትር ተስፋዋ ሞላ። ክፍሏ ደርሳ እጇን ከማድረቋ ግን ጣቶቹ ተመልሰው ተገተሩ።

እራት ላይ ያ ረጅም ሰው መጥቶ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አጠገቧ የነበረች፣ ድምፅዋ አዳራሹን የሚሞላ ወፍራም ሴት ጮኸች፦ «ዶክተር! ዛሬ ደግሞ የማንን ሻንጣ ተሸከሙ?»

እትዬ ሜትር ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዶክተር?»

«የጥርስ ሐኪም ነኝ» አለ ሰውየው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ኖርኩ። ትከሻዬ እዚያው ቀረ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ?»

«እንዴት አድርገው እንዳዘዙኝ አላዩም እንዴ! እምቢ ብል ይለኩኝ ነበር።»

ወፍራሟ ሴት ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። «እኔስ? እኔን ምን ነሽ ትይኛለሽ?»

እትዬ ሜትር አንገቷን፣ አገጯን፣ ክንዷን መረመረች። «የትምህርት ቤት ዳይሬክተር።»

«ዳቦ ጋጋሪ ነኝ!» አለች ሴትዮዋ። «ግን ዳይሬክተር መባሌን ለባሌ ንገሪልኝ።»

እትዬ ሜትር በዚያ ሳምንት የሰው ሥራ ስትገምት ያልሳተችው የአንዱን ብቻ ነው፤ እሱም አትክልተኛው ነበር፣ አካፋ ይዞ ስላገኘችው።

ጠዋት ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ደብቃ ያመጣችውን መርፌ ትይዛለች። ጠዋት ጠዋት ይወድቃል። ለማንም ሳትናገር ሐሙስ ደረሰ፤ ዓርብም መጣ። ዓርብ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትሞክር መርፌው አምልጧት ተንከባለለ። የጥርስ ሐኪሙ በዚያ ሲያልፍ አየና ሊያነሣላት ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ጋውኑ ከብብቱ እስከ ወገቡ ቷ ብሎ ተቀደደ።

«አሁን ደግሞ ምን ልሸከምልዎ?» አላት፣ ጎኑን በእጁ ሸፍኖ።

ጋጋሪዋ ከወዲያ ጫፍ፣ «ዶክተር፣ ገበናዎን ይሸፍኑ! የሆቴሉ ስም ይጠፋል!» ብላ ጮኸች።

እትዬ ሜትር አልሳቀችም። ያን ጋውን ስታየው የሰነበተችው እንደ ጥርስ ሕመም ነው። ሐኪሙን ፎጣ አስለብሳ አስቀመጠችው። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል መቀስ፣ ክርና የተጣለ አሮጌ ጋውን አስመጣች፤ ብብቱን ልትጠግን፣ ከታችም ልትቀጥልለት። ጨርቁን ዘረጋች። መቀሱን ያዘች። ጣቶቿ መቀሱን አልዘጉትም። ደግማ ሞከረች። ሐኪሙም፣ ቀርባ የቆመችው ጋጋሪዋም አዩ።

ከዚያ እትዬ ሜትር በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። መቀሱን ለሌላ ሰው ዘረጋች።

«ያዥ።»

«እኔ?» አለች ጋጋሪዋ። «እኔ ሊጥ እንጂ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።»

«ሊጥ እኩል እኩል ትቆርጫለሽ?»

«ሳልመዝን።»

«እንግዲያው እጅሽ ልክ ያውቃል። ዓይን እኔ እሆንሻለሁ። እዚያ ጋ ጀምሪ። ወደ ራስሽ! ወደ ራስሽ ነው ያልኩት፣ ወደ ዶክተሩ አይደለም!»

ጠዋቱን ሙሉ ስትጮህ ዋለች። ጋጋሪዋም መልስ አላጣችም፤ «ባሌ እንኳ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም» እያለች ቆረጠች፣ ወጋች፣ ጣቷን ጠባች፣ ደግማ ወጋች። ጋውኑ ሲያልቅ እስከ ሐኪሙ ቅልጥም ድረስ ወረደ። ሰውየው ለብሶት በረንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ አለ፤ ዘመም ያለው ትከሻው እንኳ የተቃና መሰለ።

የታችኛው ስፌት አንድ ቦታ ላይ ጠምዘዝ ብሏል። እትዬ ሜትር አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስፈትታ ታስጀምር ነበር። አሁን ግን ዓይኗን እዚያች ጥምዝ ላይ ጥላ በሐሳብ ሄደች። ይህች ሊጥ አቡኪ በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ከሠራች፣ ታናሽ እህቴ በዚያ ሁሉ ዓመት ምን ትችል ኖሯል? አታውቅም። ባልንጀራውን ሁሉ በምን ጎንህ ትተኛለህ እያለች ስትመረምር፣ አጠገቧ ያለችውን አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዳ ስልክ አስደወለች።

«እትዬ!» አለች እህቷ። «እጅሽ ዳነ?»

«አልዳነም።»

ስልኩ ውስጥ የሱቁ ግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። «እሺ» አለች እህቷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እንግዲያው ሰኞ…»

«ሰኞ መቀሱን አንቺ ትይዣለሽ። እኔ እለካለሁ፣ አሳይሻለሁ። አንቺ ትቆርጫለሽ።»

«አንቺ ማን ነሽ?» አለች እህቷ። «እህቴን የት አደረሳችኋት?»

«አትቀልጂ።»

«ብሳሳት ትጮኺብኛለሽ?»

«እጮኻለሁ።»

«አሁን ገና እህቴ መሆንሽን አመንኩ።» ትንሽ አሰበች። ስትናገር ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ የሳቀችም ያለቀሰችም ይመስላል። «ለፋብሪካው አልመጣም እላቸዋለሁ። ግን ቆራጭ ብርሃን ያስፈልገዋል፣ እትዬ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የኔ ነው።»

እትዬ ሜትር ይህን አላሰበችውም ነበር። ያ ወንበር የእሷን ጀርባ ቅርጽ ይዟል፤ ከዚያ ሆና የመንገደኛውን ሁሉ ትከሻ ለክታበታለች። የስልኩን ገመድ በደህናው እጇ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ወንበሩን?»

«ወንበሩን።»

«ልክ ነው» አለች እትዬ ሜትር። «ትራሱን ግን ይዤ ነው የምነሣው።»