የመምሬ ገብረሰንበት የወተት ሻይ

ጣሊያን ቡሬ ከገባ ወዲህ ሁለተኛው ፋሲካ ነበር። የባንቺአየሁ ባል ክንዱ ጫካ ገብቷል። ሲለያት ስለ ራሱ አንድም ቃል ሳይናገር፣ «አባቴን አደራ» ብቻ ብሏት ሄደ። አባቱ መምሬ ገብረሰንበት ሁዳዴን በብርታት ጾመው ጾሙ ሲፈታ ጉሮሯቸው እህል አልቀበል አለ። የዶሮውን መረቅ ገፉት፤ አጥሚቱንም ገፉት። ባንቺአየሁ ሽማግሌው እንደ ጧፍ ሲያልቁ ዐይኗ እያየ ሳምንት አለፈ።

ጭንቋን ያዋየችው ለጎረቤቷ ለሳቢሃ ነው፤ ለቅመም ነጋዴው ለሙሄዲን ሚስት። ሳቢሃም እናቷ በሽተኛ ታነሣ የነበረው በወተት ሻይ መሆኑን ነገረቻትና በማግስቱ ቅመሙን ቋጥራ መጣች። ነገር ግን ወደ ምድጃው አልቀረበችም፤ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ስባ ተቀመጠች። ቄስ የእስላም እጅ የሠራውን እንደማይቀምሱ ታውቃለች። ድስቱም እሳቱም እጁም ያንቺ ይሁን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እነግርሻለሁ አለቻት።

ላሚቱ በዚያ ጠዋት የሰጠችው ሁለት ዋንጫ ወተት ብቻ ነው። ባንቺአየሁ አንዱን ጣደች፤ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ጨመረች። ከዚያ መድኃኒት ሲበዛ ይበረታል ብላ፣ ሳትጠይቅ፣ የወቀጠችውን እርጥብ ዝንጅብል በሞላ ወተቱ ላይ ደፋችው። ሳቢሃ ብድግ አለች፤ ከደጃፉ ግን አላለፈችም። ወተቱ ተቆራረጠ፤ አይቡ ለብቻው፣ አጓቱ ለብቻው ሆነ።

«ባንቺዬ፣ ሻይ ብልሽ አይብ አወጣሽልኝ?» አለች ሳቢሃ።

ባንቺአየሁን ሳቅና እንባ ባንድ ላይ ያዛት። ሁለተኛውን የሠራችው የሳቢሃን አፍ እየጠበቀች ነው። እንደገና የተወቀጠው ዝንጅብል በውሃ ብቻ ደኅና አድርጎ ተንተከተከ፤ ሻይ ቅጠሉና ቅመሙ ተከተለ፤ ወተቱ መጨረሻ ላይ በቀስታ ገባ። ቁንጥር ስኳር አክላ፣ በንጹሕ ሻሽ አጥልላ፣ በፍንጃል አቀረበችላቸው።

መምሬ አሸተቱና ፊታቸውን መለሱ። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም ወይ ልጄ?»

«ረቡዕስ ረቡዕ ነው አባባ፤ ግን እኮ በዓለ ኀምሳ ላይ ነን።»

ቀኑ እንደጠፋባቸው ገባቸው፤ ፈገግ ብለው አማተቡና ፉት አሉ። ባንቺአየሁ ጉሮሯቸውን ታያለች። ወረደ። ደገሙ፤ ያም ወረደ። ይህን ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቋት። ብትዋሽ ፍንጃሉ ያልቃል፤ እውነቱን ብትናገር ሊቀመጥ ይችላል። እኒያን ሽማግሌ ዋሽታ ማዳን ግን አልሆነላትም።

«እጁ የኔ ነው አባባ፤ ትምህርቱ የሳቢሃ ነው። ይኸው ደጅ ተቀምጣለች።»

ሽማግሌው ፍንጃሉን እንደያዙ ወደ ደጁ ተመለከቱ።

«ፀሐይ ላይ?» አሉ። «ለኔ ብላ የመጣች ሰው ደጅ ትውላለች? ግቢ በያት እንጂ።»

ሳቢሃ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ሻዩንም ከሟች እናቷ እንደተማረችው ነገረቻቸው። መምሬ እናቷን ማን ይሏቸው እንደነበር ጠየቋትና ነፍስ ይማር አሉ። እያወጉ ፍንጃሉን ጨረሱ፤ ነገም እንዲፈላላቸው አዘዙ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይለምናቸው ቂጣ ቢጤ አማረኝ አሉ። ባንቺአየሁ ፈጣሪዋን እያመሰገነች ዱቄት ልታቦካ ተነሣች።