ቁልፍ የሌለው በር

«የበሩን ኮድ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ቤተሰብ አያንኳኳም» አለች ኮሪያዊቷ፣ ጨቅላዋን እንዳቀፈች።

«በእኛ አገር እናቴም ቀጠሮ ትይዛለች» አለ ሆላንዳዊው ባሏ። ከወገቡ በታች ፎጣ ብቻ አገልድሟል።

ዛሬ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ የአንድ በር ቁጥሮች ሲነኩ ጢጥ ጢጥ ሲሉ ሰምቼ ነው ያ እሁድ ትዝ ያለኝ። እማዬ እነዚያ ባልና ሚስት ቤት ጽዳት ትሠራ ነበር። በዕረፍት ቀኗ ለአራሷ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ኮዱን ነካክታ ዘው አለች።

«ምን አለ?» አለችኝ፤ እንግሊዝኛ ብዙም አትሰማም።

«ከመምጣትሽ በፊት ደውዪ ነው የሚለው።»

«አራስ ለመጠየቅ? አባረረኝ ማለት ነው?»

ሴትዮዋ ቤተሰብ ትላታለች፣ ሰውየው እንግዳ ያደርጋታል። የማን ቃል እንደሚጸና ዛሬም አላውቅም።

«እንጃ» አልኳት።

ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እኔን እንኳ ሳትጠራ ወጣች። በሩም በራሱ ጊዜ ተቆለፈ።