የእማማ ሲዲ ቆርቆሮ

አክስቴን የሰፈሩ ሰው «እማማ ሲዲ» ይላታል። እኔ ድፍረቱ ስለሌለኝ አክስቴ ነው የምላት። የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቱ የሁለታችን ነው። በእኔ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር በአንዲት ፍላሽ ያልቃል፤ በእሷ በኩል አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በውስጡ ያሉት ሲዲዎች ኮምፒውተር አልነሳም ሲል በራሳቸው የሚያስነሱት፣ ከታመመ ሀርድ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያተርፉ ናቸው። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ አንድ በአንድ ትሞክርና ቀኑን በማርከር ትጽፍባቸዋለች።

«ይሄን ሁሉ የሚይዝ ፍላሽ ልስጥሽ» ስላት፣ «እንደ መኪና ቁልፍ ቀበቶህ ላይ አንጠልጥለው፤ ባለመኪና ትመስላለህ» ትለኛለች። ንግግሯ ያበሽቀኛል።

አንድ ጠዋት መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ አልነሳም ያላቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፈው እያለከለኩ ገቡ። አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በውስጡ ነው። ሥዕሎቹን በእጃቸው ስለው ነው ያስገቧቸው፤ ወረቀቶቹን ደግሞ የጣሪያ ፍሳሽ በልቷቸዋል። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቃቸው እስከ ነገ ብቻ ነው።

«ሌላ ቅጂ የለዎትም?» አልኳቸው።

«እንዴት አይኖረኝም! እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ በሌላ ፎልደር አስቀምጬዋለሁ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ፍላሼን ሰካሁ፤ ማሽኑ ከፍላሽ መነሳት የሚባል ነገር አያውቅም። ሀርድ ዲስኩን አውጥቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንዳላገናኘው ገመዱ የድሮው ሰፊው ዓይነት ነው፤ እኛ ጋ የሚገጥምለት የለም። ትዕግስቴ አለቀና ከመሳቢያዬ የሲስተም መጫኛ ሲዲ አወጣሁ።

«ፎርማት አድርጌ፣ ማለት ዲስኩን ባዶ አድርጌ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ እጭነዋለሁ፤ ከዚያ የተረፈ ካለ እንፈልጋለን።»

«እጅህን ሰብስብ!» አለች አክስቴ። «ሰው ውስጡ እያለ ቤት ይፈርሳል? ደግሞስ አንተም ሲዲ አለህ ለካ!»

ቆርቆሮዋን ከፈተች። አዲሶቹ ሲዲዎች ለዚያ አሮጌ ማሽን ከበዱት። የምትሆነው አራተኛዋ ነበረች፤ ቦታዋ ግን ባዶ ነው። ቆርቆሮዋን ከእሷ ሌላ የሚነካው ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ብቻ ስለሆነ እሱ ጋ ደወለች።

«ያቺ ያረጀችዋ?» አለ አጎቴ፣ ድምፁ እኔ ድረስ እየተሰማ። «ቲማቲሙ ላይ ሰቅያታለሁ። ወፎቹን እንዴት እንደምታባርርልኝ ብታዪ! ለማንጠልጠያ በመሰርሰሪያ በሳኋት።»

«ወፎቹስ ተባረሩ፤ አንተን ማን ያባርርልኝ?» ብላ ዘጋችው።

አበቃ ብዬ ነበር። አስተማሪው እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ፤ አሳዘኑኝ። አክስቴ ግን ኮምፒውተሩን ዞር አድርጋ አየችው።

«ይሄን ከዚህ በፊት ጠግኜልዎታለሁ አይደል?»

«ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ፓወሩ ተቃጥሎ።»

«እንግዲያውስ ምን ያስተክዘናል?»

ብሎኖቹን ፈትታ የጎኑን ክዳን አነሳችው። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ፣ አቧራ የጠጣ ቢጫ ፖስታ በፕላስተር ተለጥፏል። ላዩ ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ፦ «ለከፈተው ሰው። ፎርማት ከማድረግህ በፊት በዚህች አስነሳ።»

ሲዲዋ ገባች፤ ተንጫጫች፤ ማሽኑ ተነሳ። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ አስተማሪው እጃቸውን ከአገጫቸው ወደ አክስቴ ዘረጉ። ምልክቱን ባላውቅም ምስጋና መሆኑ ገባኝ።

እኔ ግን ዓይኔ ከፖስታው አልተነሳም። ያን ቢጫ ፖስታ አውቀዋለሁ። የማሽን አቧራ በጠረግኩ ቁጥር ምን እንደያዘ እንኳ ሳላይ ቦጭቄ የምጥለው ቆሻሻ ነው።

«በጠገንሽው ሁሉ ውስጥ ትለጥፊያለሽ?»

«በሁሉም። ምነው?»

ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ስንቱን ጣልክ?»

«አልቆጠርኩም።»

ባዶ ሲዲዎችና ማርከሯን በእኔ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «በል፣ ከዛሬ ጀምረህ የምትለጥፈውን ቁጠር» አለችኝ። የመጀመሪያዋን እዚያው አስተማሪው ፊት ከዚያችው አሮጌ ሲዲ ቀድቼ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኳት።