ከአባቴ የደበቅኋት የጳጳሱ ሚስት

ከሪያድ ተመልሼ ደብረ ታቦር ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት አሠሪ ጡረታ የወጡ የአንግሊካን ጳጳስ ነበሩ። እንግሊዝኛዬን የተማርሁት ሪያድ ነው፤ የአሠሪዎቼን ልጆች የቤት ሥራ ሳሠራ።

ጳጳሱ በምዕራብ ቆላ፣ በባሮ ዳርና ከድንበሩ ማዶ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግለዋል። በወጣትነታቸው ቄስ ሆነው በጀልባ ገቡ። ቤተ ክርስቲያናቸው የማንጎ ዛፍ ጥላ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ሁለት ወር ከአንድ መንደር መውጫ ያጡበት ጊዜም አለ። ስለ ጵጵስናቸው ስጠይቃቸው ስለ ካባ ሳይሆን ስለ ጎማ ነው የሚያወሩኝ፤ የትኛው ጎማ የት እንደፈነዳ ሁሉ ያስታውሳሉ።

ወደ ደብረ ታቦር የመጡት ከከተማው አጠገብ ባለችው ጋፋት ለንጉሡ መድፍ ስለሠሩት የጥንት ሚሲዮናውያን ሊጽፉ ነበር። ሳይታወቃቸው የራሳቸውን ሕይወት መጻፍ ጀመሩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እጽፋለሁ። በየገጹ ሚስታቸው አሉ፤ በሽተኛ መርፌ ሲወጉ፣ ፊደል ሲያስተምሩ፣ በመጨረሻም በወባ ሞተው እዚያው ሲቀበሩ።

አባቴ ከጋፋት ማዶ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ወደ ዓረብ አገር ስሄድ ደላላው ያለዚያ አይሆንም ስላለኝ የሙስሊም ስም አውጥቼ ማተቤን በጠስሁ። ስመለስ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ፣ ቀኖናዬን ፈጸምሁ፣ ማተቤንም አሠርሁ። አባቴ ግን ለመጣው ሁሉ የሚያወጡትን መስቀል እኔ ልሳለም አንገቴን ስደፋ ወደ ጋቢያቸው ይመልሱታል። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሆነ። መንገድ ለመንገድ እየተናደድሁ፣ እያለቀስሁም እመለሳለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ እሄዳለሁ።

ሥራ መያዜን ስነግራቸው ማን ዘንድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ ፈረንጅ ዘንድ ብል መስቀሉን እስከ ወዲያኛው አላገኘውም። ጳጳስ ናቸው አልሁ። በእኛ ዘንድ ጳጳስ የሚሾመው ከመነኮሳት ነውና በዚያው ብተወው ይበቃ ነበር። እኔ ግን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መነኩሴ ናቸው፣ ሴት አያውቁም ብዬ ጨመርሁበት። ምን አስለፈለፈኝ?

አንድ ቀን ጳጳሱን ጋፋት ወሰድኋቸው። ከገብስ ማሳና ከእግር መንገድ በቀር ብዙ የሚታይ ባይኖርም ደስ አላቸው። አባቴ ቤት ይግቡ ብለው ስለ ነበር ስንመለስ ጎራ አልን። ፍስክ ነበር፤ እንዲህ ላለ እንግዳ በግ ይታረዳል። መነኩሴ ሥጋ አይበላም ተብሎ ግን ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበ። ጳጳሱ እያመሰገኑ ሲበሉ እኔ በጉን በበሩ በኩል አየዋለሁ።

አባቴ፣ ቆብ የደፉት በስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉኝ። እኔም ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ጠየቅኋቸው። ጳጳሱ መልስ ሰጡና ከደብተራቸው መካከል አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ለአባቴ ዘረጉላቸው፤ ወንዝ ዳር ቆመው፣ አንዲት ሴት ክንዳቸውን ይዛ። ከዚያ የጣት ቀለበታቸውን አሳዩ። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

አባቴ ፎቶግራፉን አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

"መነኩሴ ናቸው አላልሽኝም?"

መዋሸቴን ነገርኋቸው። በእነሱ ሥርዓት ጳጳስ እንደሚያገባ፣ ሴትዮዋም ሚስታቸው እንደነበሩና እንደሞቱ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድተረጉም አዘዙኝ። ሚስታቸው ሲሞቱ ሌላ ማግባት ይፈቀድላቸው ነበር ወይ አሉ። ጳጳሱ ይፈቀድልኝ ነበር አሉ። ታዲያ ለምን አላገቡም?

"የዚያን አገር ቋንቋ አብረን ነው የተማርነው" አሉ ጳጳሱ። "ቤት ስንገባ በዚያ ቋንቋ ነበር የምናወራው። ከእሷ ሌላ ሰው ጋር ላወራው አልፈለግሁም።"

እናቴ የሞተችው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቄስ ሚስቱ ሞታ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራልና አባቴ ብቻቸውን አሳደጉኝ።

"እኔን ሕጉ ነው የያዘኝ" አሉ ፎቶግራፉን እየመለሱ። "እሳቸውን ማንም አልያዛቸው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ማተብሽን የበጠስሽ ጊዜ ደላላውን ፈርታ ነው ብዬ ነበር። አሁን ባገርሽ፣ በቤትሽ፣ ማንን ፈርተሽ ነው የምትዋሺ?"

"አንቱን" አልሁ።

አባቴ ድንች የተበላበትን ሳህን አይተው ሊሸኙን ተነሡ። ደጃፍ ስንደርስ፣ በሚመጣው እሑድ እንዲመለሱ፣ በጉ እንደሚታረድላቸው ንገሪያቸው አሉኝ። ነገርኋቸው።

እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ተስፋ አድርጌ አልነበረም። መስቀሉ ግንባሬን ነካኝ፣ ከዚያም ከንፈሬን።