በበዓለ ሃምሳ የጾሙት የኔታ

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ነው። ሳወራው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አባቴ ከጋሳይ ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። የሐሞት ጠጠር ሲያሠቃያቸው እኔ ወደምኖርበት ደብረ ታቦር አመጣኋቸውና ሆስፒታል ተኙ።

አመሻሽ ላይ አንዲት ነርስ መጥታ፣ «ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ከአሁን ጀምሮ ውኃም ቢሆን እንዳይቀምሱ» ብላን ሄደች። አባቴም፣ «እሺ ልጄ» አሉ።

ጠዋት ሆነ፤ የጠራን የለም። ረፋድ ላይ ነርሶቹ ክፍል ሄጄ ብጠይቅ፣ «ጠብቁ፣ ትጠራላችሁ» አሉኝ። ከቀትር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ነርስ ገብታለች፤ የእሷም መልስ «ጠብቁ» ነው።

ሐኪሞች ተሰብስበው ወደ ክፍላችን ሲገቡ ተስፋ አደረግሁ። አንዱ፣ «እንዴት ነዎት አባት?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ።

«ጎበዝ!» ብሏቸው እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ እያወሩ ወጡ።

«አባዬ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ አይሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቀኝ? ሰላም ነው ያለኝ» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ደግሞ፣ «በሃምሳ እንኳ ጾም የለም ነበር። የሐኪም ግዝት ከሆነ ግን ምን ይደረጋል!» አሉኝ።

ያን ጊዜስ ከሐኪሞቹ ይልቅ የተናደድኩት በእሳቸው ነው።

በማግስቱም ያው ሆነ። ፊታቸውን ላስታጥባቸው ቀና ሳደርጋቸው ዞረባቸውና ደረቴ ላይ ተደፉ። እየሮጥኩ ሄጄ ለነርሷ ብነግራት፣ «በሽተኛ እኮ ይደክመዋል» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች አራት ታማሚዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን አባቴን አፍረው ወደ ግድግዳ ዞረው፣ ጋቢ ተከናንበው ሲበሉ ዋሉ። በማግስቱ ምሳ ሲመጣ ግን አያ ምትኩ የሚባሉት፣ በሬ ጥሏቸው እግራቸው የተሰበረ ገበሬ፣ ሳህኑን በእጃቸው ገፉት።

«አንሽው እህቴ። የኔታ እህል ሳይቀምሱ እኔ እንዴት ብዬ እጎርሳለሁ?» አሏት ምግብ አዳይዋን።

ቀጥሎ ያለውም መለሰ። ሌሎቹም እንዲሁ። አባቴ፣ «ኧረ በማርያም! ሕመምተኞች ናችሁ፣ ብሉ» እያሉ ቢለምኑ የሚሰማቸው ጠፋ። ምግብ አዳይዋ ምግቡ የተናቀባት መሰላት። «ምን ሆነ ነው የምትሉት? ተበላሸ? ጨው በዛ?» እያለች ኮሪደሩን በጩኸት አናወጠችው።

እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ለምኜ ያልመጣ ሐኪም፣ ለተመለሰ ምሳ ከተፍ አለ! ነገሩን ሰምቶ ወጣና ጠይቆ ተመለሰ።

«ኦፕራሲዮኑ እኮ ትናንት ጠዋት ነው ለሌላ ሳምንት የተላለፈው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ የለም። መብላት ይችሉ ነበር፤ አልተነገራችሁም?»

«ማን ነግሮን!» ብዬ ጮህኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ለፍታችኋል ልጆቼ፣ እግዜር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» ብለው መረቁት! ያ ምርቃት እስካሁን ያንገበግበኛል።

አጥሚት በማንኪያ አቀመስኳቸው። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አያ ምትኩ እያዩ፣ «በሉ እንግዲህ፣ የኛንም መልሽልን» አሏት ምግብ አዳይዋን። እሷም እያለቀሰች አመጣችላቸው።

ኦፕራሲዮኑ በሳምንቱ ተሠራ፤ አባቴም ድነው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ከሆስፒታል በምንወጣበት ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጥናቷ ስለ ታማሚዎች አያያዝ እየጠየቀች መጣች።

«አባት፣ እንክብካቤው እንዴት ነበር?»

«ምን ይወጣለታል! ያክብርልን» አሏት አባቴ።

አመስግና ወደ ቀጣዩ አልጋ ልትሄድ ስትል እጅጌዋን ያዝኳት። «ቁጭ በይ እህቴ» አልኳት። «እሳቸውን ጠይቀሽ ጨረስሽ። አሁን ደግሞ እኔን ጠይቂኝ።»

ያን ቀን ያልኳትን ሁሉ ብጽፈው ቦታ አይበቃኝም። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደልኝም።